በውክፔዲያ ላይ የንግድ ማያያዣ ሲገጥመን፦ ከጎጃም ጽሑፎች በተወሰዱ ምሳሌዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በአማርኛው ውክፔዲያ ስለ ጣና ሐይቅ፣ ስለ ጢስ ዓባይ፣ ስለ ዘጌ ገዳማት፣ ስለ ደብረ ማርቆስ ወይም ስለ ግሽ ዓባይ የተጻፈ ጽሑፍ የሚያርም ሰው ይዋል ይደር እንጂ የንግድ ማያያዣ ይገጥመዋል። ማያያዣ የምለው በተለምዶ ሊንክ የምንለውን፣ አንባቢውን ከውክፔዲያ ውጭ ወዳለ ድረ ገጽ የሚወስደውን አድራሻ ነው። እነዚህ ቦታዎች እንግዳ የሚፈልጋቸው በመሆናቸው ሆቴሉም፣ አስጎብኚውም፣ ባለ ጀልባውም፣ ማርና ቡና ሻጩም አድራሻውን ከጽሑፉ ግርጌ ማኖር ይፈልጋል። ሰው ወደሚበዛበት ገበያ ዕቃን ይዞ መውጣት የነጋዴ ወግ ስለሆነ በዚህ የሚወቀስ የለም። መዝገበ ዕውቀት ግን የገበያ ቦታ ስላልሆነ፣ የሚያርመው ሰው እያንዳንዱን አድራሻ መርምሮ መወሰን ይኖርበታል።

በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ እንዲህ ያለ አድራሻ ብዙ ጊዜ በገባ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል፤ ለውጦችን የሚከታተሉ ሰዎችና ለዚሁ የተሠሩ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸውና። በአማርኛው ግን የሚጠብቀው ዓይን ጥቂት ነው፤ ዛሬ ያለፈው ማስታወቂያ ዓመታት ሊቆይ፣ በትምህርት ቤት የቤት ሥራ ውስጥ ሳይቀር ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው ሥራውን በሥርዓቱ ቢሠራ የሚያመጣው ለውጥ በቀላሉ ይታያል።

ከመጀመሬ በፊት የራሴን ስሕተት ልናገር፤ ይህን መመሪያ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነውና። ስለ ዘጌ ባሕረ ገብ ምድር በሚያወሳ ጽሑፍ ውስጥ፣ በገዳማቱ ሥርዓት መሠረት በዚያ ምድር ማረስና የቀንድ ከብት ማርባት የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር ነበር። የግርጌ ማስታወሻው የሚወስደው ወደ አንድ የጀልባ ጉዞ ሻጭ ድረ ገጽ ነበርና፣ እኔም «ማስታወቂያ ነው» ብዬ ማስታወሻውን አወጣሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ አራሚ መጥቶ ምንጭ የለውም በማለት ዐረፍተ ነገሩን ራሱን ሰረዘው። የዘጌ ጫካና በጥላው ሥር የሚበቅለው ቡና እስከ ዛሬ የቆየው በአብዛኛው በዚያ ሥርዓት ነው፤ ስለዚህም አጥኚዎች በሰፊው ጽፈዋል። እኔ ያንን ጥናት ፈልጌ በሻጩ አድራሻ ቦታ ከመተካት ይልቅ ምሰሶውን ነቅዬ ጣሪያው ሲወድቅ ዝም አልኩ። ማያያዣን ማውጣት የአንድ ጠቅታ ሥራ ነው፤ ከማያያዣው ጋር የመጣውን ዕውቀት አድኖ ማውጣት ግን ጊዜና ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ለዚህ የተሰለፉ ናቸው።

አንደኛ፦ ማያያዣው የተቀመጠበትን ቦታ መለየት

አንድ የውጭ አድራሻ በጽሑፍ ውስጥ በሦስት ቦታዎች ሊገኝ ይችላል፤ የአያያዙ ሕግም በየቦታው ይለያያል።

የመጀመሪያው የጽሑፉ አካል ነው። በዐረፍተ ነገሩ መካከል አንድ ቃል ሰማያዊ ሆኖ ሲጫኑት ከውክፔዲያ ውጭ የሚወስድ ከሆነ፣ የሚወስደው ወደ ንግድ ድርጅትም ይሁን ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ በዚያ ቦታ መኖር አይገባውም። በጽሑፉ አካል ውስጥ የሚፈቀደው ወደ ሌላ የውክፔዲያ ገጽ የሚወስድ የውስጥ ማያያዣ ብቻ ነው። ለማረም ሲከፍቱት ልዩነቱ ወዲያው ይታያል፤ የውስጡ ማያያዣ በድርብ ማዕዘናዊ ቅንፍ፣ የውጭው ደግሞ በነጠላ ማዕዘናዊ ቅንፍ ውስጥ ይጻፋል።

ሁለተኛው የግርጌ ማስታወሻ ነው። እዚህ አድራሻው ምስክር ሆኖ የቆመ ስለሆነ፣ ከመንካት በፊት ምን እንደሚመሰክር ማንበብ ግዴታ ነው። የዘጌው ስሕተቴ የደረሰው በዚህ ቦታ ነው።

ሦስተኛው «የውጭ ማያያዣዎች» የሚለው የመጨረሻ ክፍል ነው። አብዛኛው የንግድ አድራሻ የሚከማቸው እዚህ ሲሆን፣ ምንም ዐረፍተ ነገር ስለማይደገፍበት ውሳኔውም ቀላል ነው። ይህ ክፍል በባሕሪው አጭር መሆን አለበት፤ ከአራትና ከአምስት አድራሻ በላይ ሲሆን ሁሉንም አንድ በአንድ መፈተሽ ይገባል።

በአራተኛ ደረጃ የማይታሰብ ግን የሚያጋጥም አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ሥዕል ነው። የድርጅት ስምና የስልክ ቁጥር በላዩ የታተመበት የፏፏቴ ፎቶግራፍ፣ ማያያዣ ባይኖረውም ማስታወቂያ ነው። ጽሑፉ በጠርዝ ላይ ከሆነ ተቆርጦ እንደገና ይጫናል፤ በመካከል ከሆነ ሌላ ፎቶ ይፈለግለታል።

ሁለተኛ፦ አድራሻውን ከመክፈት በፊት ማንበብ

በኮምፒውተር ላይ ጠቋሚውን በማያያዣው ላይ ሳይጫኑ ማሳረፍ፣ በስልክ ላይ ደግሞ ጣትን ለጥቂት ጊዜ ተጭኖ መያዝ እውነተኛውን መድረሻ ያሳያል። «የደብረ ማርቆስ ታሪክ» የሚል ጽሑፍ የለበሰ ማያያዣ ወደ አልጋ ማስያዣ ገጽ የሚወስድ ሊሆን ስለሚችል፣ የሚታመነው አድራሻው እንጂ ልብሱ አይደለም።

አድራሻውን ሲያነቡ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለውን ክፍል ልብ ይበሉ። ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሐረግ ለገጹ መከፈት አስፈላጊ አይደለም፤ አንባቢው ከየት እንደመጣ ለድርጅቱ የሚነግር መከታተያ ነው። «ዩቲኤም» በሚል የሚጀምሩት መከታተያዎችና ከፌስቡክ የተቀዱ አድራሻዎች ላይ የሚንጠለጠለው ረዥም የፊደልና የቁጥር ድርድር የዚህ ዓይነት ናቸው። ገጹ ጥሩ ምንጭ ከሆነ መከታተያውን ቆርጦ አድራሻውን ማስቀረት በቂ ነው። ቆርጠው ሲጨርሱ ገጹ አሁንም መከፈቱን ያረጋግጡ።

ከዚህ የከፋው የኮሚሽን ማያያዣ ነው። በመጽሐፍ መሸጫና በሆቴል ማስያዣ ድረ ገጾች አድራሻ ውስጥ የአንድ ሰው መለያ ቁጥር ተሰክቶ፣ አንባቢው በዚያ በኩል ገብቶ ሲገዛ ለዚያ ሰው የድለላ ድርሻ ይታሰብለታል። አንባቢው በማያውቀው ድለላ ውስጥ መግባቱ በምንም ምክንያት ተቀባይነት ስለሌለው፣ እንዲህ ያለ አድራሻ ሳይውል ሳያድር ይወጣል። ረዥሙን አድራሻ የሚያሳጥሩ አገልግሎቶች የሚሰጧቸው አጫጭር አድራሻዎችም መድረሻቸውን ስለሚሰውሩ በውክፔዲያ አይፈቀዱም፤ የታወቁት አብዛኞቹ የታገዱ ስለሆኑ እነሱን የያዘ ለውጥ ጭራሹኑ አይቀመጥም።

ሦስተኛ፦ ይቆይ ወይስ ይውጣ?

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ብዙ አዲስ አራሚዎች «ድረ ገጹ ንግድ ነው ወይስ አይደለም?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ጥያቄው ግን መልስ አይሰጥም። ሪፖርተርን የመሰለ የግል ጋዜጣ ማስታወቂያ ይሸጣል፣ የመጽሐፍ አሳታሚ መጽሐፍ ይሸጣል፣ የሳይንስ መጽሔትም በክፍያ ይነበባል፤ ሦስቱም ግን ጥሩ ምንጭ ሊሆኑ ይችላሉ። በአንጻሩ ትርፍ የማይፈልግ የአንድ ሰው ገጽ ምንም የማይረባ ሊሆን ይችላል። ጠቃሚው ጥያቄ «አንባቢው ይህን አድራሻ ሲከፍት ጽሑፉ ውስጥ ያላገኘው ምን ዕውቀት ያገኛል?» የሚለው ነው። መልሱ «የክፍል ዋጋ፣ የስልክ ቁጥር፣ የማስያዣ ቅጽ» ከሆነ ይውጣ።

ከዚህ አጠቃላይ መለኪያ በታች በየጊዜው የሚያጋጥሙ ጉዳዮች አሉ።

ጽሑፉ የተጻፈው ስለዚያው ድርጅት ከሆነ፣ ኦፊሴላዊ ድረ ገጹ ይፈቀዳል። ስለ ኢትዮጵያ አየር መንገድ በተጻፈ ጽሑፍ ግርጌ የአየር መንገዱ ድረ ገጽ መኖሩ ትኬት ቢሸጥበትም ተገቢ ነው፤ ስለ ባሕር ዳር ከተማ በተጻፈው ጽሑፍ ግርጌ ግን «ወደ ባሕር ዳር ለመብረር» ተብሎ ቢቀመጥ አይገባም። የሚፈቀደውም አንድ አድራሻ ብቻ ነው፤ የቴሌግራም ቻናሉ፣ የፌስቡክ ገጹና የቲክቶክ መለያው እየተከታተሉ አይሰለፉም።

መጽሐፍን በተመለከተ ወደ ሻጭ ድረ ገጽ መላክ ፈጽሞ አያስፈልግም። መጽሐፉ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ካለው ቁጥሩን መጻፍ ይበቃል፤ ውክፔዲያ ቁጥሩን ራሱ ወደ መጻሕፍት ምንጮች ገጽ ያያይዘዋል፤ አንባቢውም ከቤተ መጻሕፍትም ይሁን ከሻጭ ራሱ ይመርጣል። ይሁንና ይህ መለያ ዓለም አቀፍ መስፈርት የሆነው በ1970 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ የእነ ሐዲስ ዓለማየሁ የመጀመሪያ እትሞችን የመሰሉ ቀደምት የአማርኛ መጻሕፍት ቁጥሩ የላቸውም። በዚህ ጊዜ የደራሲው ስም፣ ርእሱ፣ ማተሚያ ቤቱ፣ የታተመበት ከተማና ዓመተ ምሕረቱ ተሟልተው ይጻፋሉ፤ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በአውሮፓ መገለጹም አይዘንጋ።

የአስጎብኚ ድርጅቶች ድረ ገጽ ለቦታ መረጃ እንደ ምንጭ ሲቀርብ ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። የጢስ ዓባይን ከፍታ እንውሰድ፤ አንዱ ድረ ገጽ 42 ሜትር፣ ሌላው 45 ሜትር ይላል፤ ማን እንደለካው፣ መቼ እንደለካው የሚነግር ግን የለም። አንዱ ከሌላው እየገለበጠ ስለሚጽፍ አሥር ድረ ገጽ አንድ ቁጥር መጻፉ አሥር ምስክር መኖሩን አያሳይም። ስለ ጣና ሐይቅ ሥነ ምኅዳር የሚጽፍ ሰው ግን ወደ አስጎብኚ ዘንድ የሚያስኬደው ምንም ምክንያት የለም፤ ሐይቁ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መረብ ውስጥ ስለገባ የድርጅቱ ሰነድ አለለት፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ስለ ሐይቁ በርካታ ጥናት አሳትመዋል።

የቴሌግራም ቻናሎችን ነገር ለብቻው ማንሳት አለብኝ፤ በአገራችን ማስታወቂያ በድረ ገጽ ከሚመጣው በዚህ በኩል የሚመጣው ይበዛልና። ቻናል ዛሬ የታሪክ ትምህርት ይለጥፋል፣ ነገ ስሙን ለውጦ ሌላ ነገር ይሸጣል፤ የተለጠፈውም በማንኛውም ሰዓት ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ በቻናሉ ላይ የተለጠፈው የመጽሐፍ ቅጂ ከሆነ መጽሐፉ ራሱ ይጠቀስ እንጂ ቻናሉ አይጠቀስ። የባለመብቱ ፈቃድ የሌለው ቅጂ ከሆነ ደግሞ ማያያዣው የቅጂ መብት ጥሰትም ስለሆነ ለክርክር ክፍት አይደለም።

አራተኛ፦ ማውጣት

አንድ ምሳሌ በቅርበት እንመልከት። ስለ ጢስ ዓባይ የሚከተለው ዐረፍተ ነገር ገብቶ አገኘን እንበል፦

«ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር በ30 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚገኝ፣ 45 ሜትር ከፍታ ያለው እጅግ ማራኪና ተወዳዳሪ የሌለው ፏፏቴ ሲሆን፣ በበጋ ውኃው ስለሚቀንስ ከነሐሴ ጀምሮ ቢጎበኙት ይመረጣል፤ ለምቹና አስተማማኝ ጉዞ ድርጅታችንን ያነጋግሩ።»

ከመጨረሻው ሐረግ ጋር የድርጅቱ አድራሻ ተያይዟል። አድራሻውን ብቻ ማውጣት ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው፤ «ያነጋግሩ» የሚለው ጥሪ፣ «ምቹና አስተማማኝ» የሚለው ውዳሴ፣ «ተወዳዳሪ የሌለው» የሚለው ፍርድ በቦታቸው ይቀራሉና። ዐረፍተ ነገሩን እንዳለ መሰረዝም ጉዳት አለው፤ በውስጡ አንድ ቁም ነገር አለ። በዓባይ ላይ የተሠሩት የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫዎች ውኃውን ከፏፏቴው በላይ ስለሚጠልፉት፣ በበጋ የሚወርደው ውኃ በእርግጥ በጣም ይቀንሳል፤ ክረምቱ ሲገፋ ግን ፏፏቴው ይሞላል። ሻጩ ይህን ያነሳው ለገበያው ቢሆንም እውነት ነው። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩን እንዲህ እንጽፈዋለን፦

«ጢስ ዓባይ በዓባይ ወንዝ ላይ፣ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ፏፏቴ ነው። ከወንዙ ውኃ ከፊሉ ወደ ኃይል ማመንጫዎች ስለሚጠለፍ፣ በፏፏቴው የሚወርደው የውኃ መጠን በበጋ ወራት ይቀንሳል፤ በክረምትና ከክረምት በኋላ ባሉት ሳምንታት ይጨምራል።»

ከፍታው ምንጭ እስኪገኝለት ድረስ ወደ ውይይት ገጹ ይሄዳል፤ ወይም «ምንጭ ያስፈልጋል» የሚለው ምልክት ይደረግበታል። የውኃ መጠኑን ለሚመለከተው አባባልም የተሻለ ምንጭ ይፈለጋል። ወዲያው ማግኘት ካልተቻለ ዐረፍተ ነገሩ ምልክት ተደርጎበት ይቆይ፤ እውነትነቱን አካባቢው የሚያውቀውን ነገር በምንጭ እጦት ብቻ አናስወጣም።

ማስታወቂያ በአማርኛ የሚጠቀምባቸውን ቃላት መልመድ ይጠቅማል፤ «ዘመናዊ»፣ «ተመራጭ»፣ «በመስተንግዶው የታወቀ»፣ «ለበለጠ መረጃ»፣ «የዓመታት ልምድ ያካበተ»፣ «በተመጣጣኝ ዋጋ»። እነዚህን በውክፔዲያው መፈለጊያ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ መፈለግ ማያያዣቸው ቀድሞ ወጥቶ ውዳሴያቸው የቀረ ገጾችን ያወጣል።

ከማስቀመጥዎ በፊት በማጠቃለያው ሣጥን ውስጥ ያደረጉትን በግልጽ ይጻፉ። «ማስታወቂያ አወጣሁ» ከማለት «የአስጎብኚ ድርጅት አድራሻ ወጣ፤ ስለ ውኃው መጠን ያለው መረጃ ተስተካክሎ ቀርቷል» ማለት ይሻላል፤ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ሰው ምን እንደጠፋና ምን እንደዳነ ከታሪክ ገጹ ላይ ማየት ይችላል።

አምስተኛ፦ ካስገባው ሰው ጋር መነጋገር

የገጹን ታሪክ ከፍተው ማያያዣው የገባበትን ለውጥ ያግኙ፤ ከዚያም ያስገባውን አባል የአስተዋጽኦ ዝርዝር ይመልከቱ። አዲስ ወይም ያልተመዘገበ ተጠቃሚ የውጭ አድራሻ ሲያስገባ ውክፔዲያ የተዛባ ጽሑፍ አንብቦ እንዲጽፍ ስለሚጠይቀው፣ ብዙውን ጊዜ ከበስተጀርባው ያለው በእጁ የሚጽፍ ሰው ነው። ዝርዝሩ አንድ ዓይነት አድራሻ በስድስት ጽሑፎች ውስጥ በሃያ ደቂቃ ጊዜ መግባቱን የሚያሳይ ከሆነ ዓላማው ግልጽ ነው፤ አንድ አድራሻ ከሃያ ጥሩ እርማቶች መካከል ከሆነ ግን ምናልባት በቅንነት ምንጭ መስሎት ያስገባው ነው።

በሁለቱም ሁኔታ በአባሉ የውይይት ገጽ ላይ በአክብሮት ይጻፉ። እኔ የምጠቀምበት መልእክት የሚከተለው ነው፤ እንደ ሁኔታው እያስተካከሉ ሊገለብጡት ይችላሉ፦

«ሰላም፣ እንደምን ሰነበቱ? ወደ ውክፔዲያ እንኳን ደህና መጡ። በጢስ ዓባይና በሌሎች አምስት ጽሑፎች ያስገቧቸውን የድርጅት አድራሻዎች አውጥቻለሁ። ይህ ስለ ድርጅቱ መልካምነት የተሰጠ ፍርድ አይደለም፤ ውክፔዲያ መዝገበ ዕውቀት በመሆኑ የአገልግሎት ሰጪዎችን አድራሻ አይዘረዝርም፤ አንዱን ካስቀመጥን በባሕር ዳር ያሉትን ሁሉ ማስቀመጥ ሊኖርብን ነው። ከውክፔዲያ የሚወጡ ማያያዣዎች የፍለጋ ሞተሮች ለደረጃ እንዳይቆጥሯቸው ምልክት ስለሚደረግባቸው፣ ድርጅቱን በጉግል ላይ ከፍ አያደርጉትም። ስለ አካባቢው የሚያውቁትን ቢጽፉ፣ ያነሷቸውን ፎቶግራፎችም ቢያበረክቱ እጅግ ደስ ይለናል። ለድርጅቱ የሚሠሩ ከሆነ ይህንኑ በአባልነት ገጽዎ ላይ እንዲገልጹ እጠይቃለሁ። ጥያቄ ካለዎት እዚሁ ይጻፉልኝ።»

ስለ ጉግል የተጻፈው ዐረፍተ ነገር ብዙ ክርክር ያስቀራል። ምልክቱ «ኖፎሎው» ይባላል፤ የፍለጋ ድርጅቶቹ በ2005 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ሲሆን፣ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከ2007 መጀመሪያ ጀምሮ በውጭ ማያያዣዎች ላይ ሁሉ ተግባራዊ ሆኗል። ማያያዣ የሚያስገቡ ሰዎች አብዛኞቹ ይህን አያውቁም፤ ደረጃ ያስገኝልኛል ብለው የደከሙበት ነገር ደረጃ እንደማያስገኝ ሲረዱ ብዙዎቹ ይተዉታል።

ስለ ክፍያ ያለውን ግዴታም በቀና ቋንቋ ማስረዳት ያስፈልጋል። ከጁን 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውክፔዲያን በሚያስተዳድረው ድርጅት፣ በዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን፣ የአጠቃቀም ውል ውስጥ ክፍያ እያገኘ የሚጽፍ ሰው አሠሪውን፣ ደንበኛውንና ግንኙነቱን እንዲገልጽ ተደንግጓል። የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኖ አለቃው «እዚያ ላይ አስገባን» ያለው ወጣትም በዚህ ሥር ይወድቃል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይህ ሕግ መኖሩን ሰምቶ አያውቅም። እንዲህ ላለው ሰው ሁለት መንገድ ማሳየት ይገባል። በጽሑፉ ውስጥ መታረም ያለበት ስሕተት ካየ ራሱ ከማረም ይልቅ በውይይት ገጹ ላይ ምንጩን ጠቅሶ ያቅርብ። ከዚያም ባለፈ እሱ ያለው እኛ ግን የሌለን ነገር አለ፤ በነሐሴ መጨረሻ ሞልቶ የሚወርደውን ጢስ ዓባይ በየዓመቱ በዓይኑ ያያል። የድርጅት ምልክት የሌለበት አንድ ጥሩ ፎቶግራፍ የሁሉም ውክፔዲያዎች የጋራ የሥዕል ማከማቻ በሆነው በዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ በነጻ ፈቃድ ቢጭን፣ በአማርኛው ብቻ ሳይሆን በሁሉም ቋንቋ ያሉ ጽሑፎች ይጠቀሙበታል፤ የፎቶ አንሺውም ስም በሥዕሉ ገጽ ላይ ይኖራል።

ስድስተኛ፦ ሌሎች ገጾችን መፈተሽ

አንድ አድራሻ በአንድ ገጽ ላይ ብቻ የመገኘቱ ዕድል አነስተኛ ነው። ከልዩ ገጾች መካከል የውጭ ማያያዣዎችን የሚፈልግ ገጽ አለ፤ የድረ ገጹን ዶሜን፣ ማለትም የአድራሻውን ዋና ስም፣ ሲያስገቡበት ያንን ዶሜን የጠቀሱ ገጾችን ሁሉ ይዘረዝራል። ከዶሜኑ በፊት ኮከብ ምልክትና ነጥብ ካስቀደሙ ንዑስ ዶሜኖቹንም ይጨምራል። ዝርዝሩን ሲያገኙ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ለማጥፋት አይቸኩሉ፤ በሦስተኛው እርምጃ ያለውን ጥያቄ በእያንዳንዱ ላይ ይድገሙት። ከሰባት ገጾች ስድስቱ ማስታወቂያ፣ ሰባተኛው ደግሞ ስለዚያው ድርጅት በገለልተኛነት የተጻፈ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል።

አንድ የአባልነት ስም በሁሉም ቋንቋዎች ውክፔዲያ ስለሚሠራ፣ ያው ሰው በእንግሊዝኛውም ተመሳሳይ ነገር አድርጎ እንደሆነ ማየት ይቻላል። እዚያ ሌሎች ቀድመው ካስጠነቀቁት፣ በአማርኛው እንደ አዲስ ሰው መቁጠር አያስፈልግም።

ሰባተኛ፦ ባለቤቱ የተለወጠ አድራሻ

ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም የአንድ የባህል ማኅበር ድረ ገጽ በትክክል እንደ ምንጭ ተጠቅሷል። በኋላ የዶሜኑ ዓመታዊ ክፍያ ሳይከፈል ይቀርና ሌላ ሰው ይገዛዋል፤ ዛሬ ሲከፈት የስፖርት ውርርድ ወይም የቁማር ገጽ ይወጣል። የሚያርመው ሰው ቁማሩን አይቶ ምንጩን በሙሉ ይሰርዘዋል። የግርጌ ማስታወሻውን የጻፈው ሰው ግን ምንም ጥፋት አልነበረበትም፤ መረጃውም እውነት ነው።

ትክክለኛው አሠራር የሚከተለው ነው። አሮጌውን አድራሻ ቀድተው በኢንተርኔት አርካይቭ የቆዩ ገጾች ማከማቻ ውስጥ ይፈልጉት። ማከማቻው የየዓመቱን ቅጂዎች በቀን መቁጠሪያ ላይ ያሳያል፤ ምንጩ ወደ ጽሑፉ ከገባበት ቀን ጋር የሚቀራረበውን ይምረጡና በእርግጥ የተጠቀሰው ነገር በገጹ ላይ መኖሩን ያንብቡ። ካለ፣ በግርጌ ማስታወሻው ውስጥ የተከማቸውን ቅጂ አድራሻ ያስገቡ፤ የመጀመሪያው አድራሻ ግን እንዳይከፈት ያድርጉ። የምንጭ መለጠፊያው (ምንጭ የሚሞላበት ዝግጁ ቅጽ) አድራሻው በሌላ ሰው እጅ መግባቱን የሚገልጽ መስክ ካለው ያንን ይሙሉ። ቅጂ ካልተገኘ አድራሻው ወጥቶ የገጹ ርእስ፣ ያዘጋጀው አካልና የተነበበበት ቀን በጽሑፍ ይቀራሉ፤ አንድ ቀን የታተመውን ሰነድ በእጁ የያዘ ሰው ሊያረጋግጠው ይችላል። የጎጃምን የወረዳና የገጠር ከተሞች ታሪክ በተመለከተ በኢንተርኔት ላይ ያለው ምንጭ እጅግ ጥቂት ነውና፣ የአንዲቱ መጥፋት ራሷ ያጎድላል።

ስምንተኛ፦ ነገሩ ሲደጋገም

መልእክት ተጽፎለት፣ ምክንያቱ ተነግሮት አሁንም አድራሻውን መልሶ የሚያስገባ ሰው ካለ፣ እየተመላለሱ በመሰራረዝ ጉልበት መጨረስ አይገባም። ከሁለተኛው መመለስ በኋላ የለውጦቹን ዝርዝር ይዘው ለመጋቢዎች፣ ማለትም ልዩ ሥልጣን ለተሰጣቸው የውክፔዲያ አባላት፣ ያመልክቱ። መጋቢ አባሉን ለተወሰነ ጊዜ ሊያግድ፣ ገጹን ከአዲስ አራሚዎች ሊጠብቅ ወይም ዶሜኑን በውክፔዲያው የአይፈለጌ ጥቁር መዝገብ (የታገዱ አድራሻዎች ዝርዝር) ላይ ሊያስገባ ይችላል። ዶሜኑ በመዝገቡ ላይ ካለ በኋላ እሱን የጨመረ ለውጥ አይቀመጥም፤ ቀድመው የገቡትን ግን መዝገቡ ስለማያጠፋቸው በእጅ መልቀም ያስፈልጋል። ሩቅ አገር ያሉ ኩባንያዎች በብዙ ቋንቋዎች አንድ ጊዜ የሚያሰራጩት ከሆነ ጉዳዩ የሁሉም ቋንቋዎች ውክፔዲያ የጋራ ማስተባበሪያ በሆነው በሜታ ዊኪ ላይ ላለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ይቀርባል፤ እዚያ ትንንሽ ውክፔዲያዎችን የሚጠብቁ ፈቃደኞች ስላሉ በአማርኛው በኩል መጋቢ ባይገኝ እንኳ እርዳታ አይታጣም።

በመዝገቡ የሚጻፈው የፊደል ንድፍ ስለሆነ ጠባብ እንዲሆን አጥብቀው ይጠይቁ። በላቲን ፊደል «ጣና» የሚሉትን አራት ፊደሎች ብቻ ያስገባ ሰው፣ የፈለገውን አንድ አስጎብኚ ብቻ ሳይሆን የአሜሪካዋን ሞንታናንና የማዳጋስካር ዋና ከተማ አንታናናሪቮን በስማቸው የያዙ ድረ ገጾችን ሁሉ አገደ ማለት ነው፤ ስለ ጣና ሐይቅ የተጻፉ ጥናቶችም አድራሻቸው ውስጥ ስሙ ካለ አብረው ይታገዳሉ። የዶሜኑ ሙሉ ስም ከነመጨረሻው ይጻፍ፤ ከምን በፊት እንደሚጀምርም ይወሰን።

በመጨረሻ ያረሟቸውን ገጾች በመከታተያ ዝርዝርዎ ውስጥ ያስገቡ። የጢስ ዓባይ፣ የጣናና የዘጌ ገጾች ላይ አዲስ አድራሻ የሚበዛው እኔ እንዳየሁት ከመስከረም እስከ ጥምቀት ባለው የእንግዳ ወቅት ነው፤ በነዚያ ወራት ዝርዝሩን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በቀሩት ደግሞ በወር አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል። ያወጡትን ዶሜን ከአንድ ወር በኋላ በውጭ ማያያዣዎች ፍለጋ ውስጥ እንደገና ያስገቡት፤ «ምንጭ ያስፈልጋል» ያሉበትንም ዐረፍተ ነገር በዚያው ቀን ተመልሰው ምንጭ ይፈልጉለት።